ደሴ ዳገት ላይ ቤት ልሠራ ነው፤ ፕላኑ ላይ የማይታየውን ንገሩኝ

መምህሩ ከኮምቦልቻ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ነው የማስተምረው። ደሴ ላይ አባታችን ትቶልን ያለፈ 200 ካሬ ቦታ አለን፤ ከመስቀል በኋላ መሠረት ላወጣ አስቤያለሁ። ፎቅ የለውም፤ ሦስት መኝታ ክፍል፣ ሳሎንና ማድ ቤት ነው። በዋናነት የምሠራው ለእናቴ ነው። 68 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል።

ቦታው ዳገት ነው፤ ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው 3 ሜትር ያህል ይወርዳል። ፕላኑን መሃንዲስ ሠርቶልኛል። የማገኘው ሰው ሁሉ የሚመክረኝ ስለ ሲሚንቶ ዋጋና ስለ ሴራሚክ ቀለም ነው። እኔ መስማት የምፈልገው ሠርታችሁ፣ ገብታችሁ ከኖራችሁበት በኋላ «ያኔ ባስበው ኖሮ» ያላችሁትን ነው። ያለኝ ገንዘብ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ነው፤ የባንክ ብድርም አለበት።

ወልድዬው

እንኳን ለዚህ አበቃህ። እኔን የሚቆጨኝ የበር ነገር ነው። የመኝታ ክፍሎቹን በር 80 ሳንቲ፣ ኮሪደሩን 90 ሳንቲ አድርገን ሠራን። ቁምሳጥኑ ካልተፈታታ አልገባም አለ፤ እሱስ ይሁን። አባቴ ታመው በቃሬዛ ልናወጣቸው ስንል ግን ከኮሪደር ወደ ሳሎን መታጠፊያው ላይ ቃሬዛው አልዞር አለን። በአንሶላ አቅፈን አወጣናቸው። ያቺን ደቂቃ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ኮሪደሩን 1.20 ሜትር፣ የእናትህን ክፍል በር 90 አድርገው። የመታጠቢያ ቤታቸው በር ደግሞ ወደ ውጭ ይከፈት። ሰው ውስጥ ቢወድቅና ከበሩ ሥር ቢተኛ፣ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር እሱኑ ገፍቶ ካልሆነ አይከፈትም።

ከጦሳ ሥር

አብሽር ወንድሜ። እኔም እንዳንተ መምህር ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ደሴ ላይ በ2004 ዓ.ም. ቤት ሠርቼ እስከ ዛሬ እኖርበታለሁ፤ ከዚያ ወዲህም የእህቴንና የሁለት ጎረቤቶቼን ቤት ቆሜ አሠርቻለሁ። ዳገት ስትል ሰምቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አሁን ሐምሌ ነው፤ ገና ጊዜ አለህ። አንድ ቀን ዝናቡ ሲጥል ጃንጥላህን ይዘህ ቦታህ ላይ ሄደህ ቁም። ካባራም በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቆይ። ውሃው በየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚተኛ፣ በየት እንደሚወጣ በስልክህ ቅረጸው። በማግስቱ ተመልሰህ የትኛው ጥግ ሳይጠፈጠፍ እንዳደረ እይ።

እኛ ይህን አላደረግንም። ቦታውን ያየነው በጥቅምት ነው፤ መሬቱ ደርቆ እንደ ድንጋይ ጠንቶ ነበር። ከኋላ በኩል ዳገቱን 2 ሜትር ያህል ቆርጠን የድንጋይ ድጋፍ ግንብ አቆምንበት። ግንቡ ሲያዩት ያምር ነበር። ፎርማኑ ግን አንድም የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ አልተወለትም፤ እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። በመጀመሪያው ክረምት የኋለኛው መኝታ ክፍል ግድግዳ እስከ ጉልበት ድረስ አላበው። ቀለሙ አረፋ ሠርቶ ተላጠ፣ ፍራሹ ሻገተ። ሁለት ጊዜ ቀባነው፣ ሁለቴም ተላጠ። በሁለተኛው ክረምት ግንቡ ሆዱን ነፋ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ሌሊት፣ 4 ሜትር የሚሆነው ተንዶ ከቤቱ ጀርባ ያለው መተላለፊያ ላይ ወደቀ። ልጆቻችን ቀን ቀን የሚጫወቱት እዚያው ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ሌሊት ሆነ።

ኋላ የጠራነው መሃንዲስ ነገሩን አስረዳኝ። አፈር ሲረጥብ ይከብዳል፤ በውስጡ የተጠራቀመው ውሃ ደግሞ ለብቻው ይገፋል። ግንቡ የተሠራው አፈር ሊደግፍ ነው፤ እኛ መውጫ ነሥተነው ግድብ አደረግነው። እንደገና ስንሠራው ከጀርባው 40 ሳንቲ ስፋት ጠጠር ሞላን፤ ከሥሩ የተበሳሳ ቱቦ አጋደምን፤ ግንቡ ላይ በየ1.5 ሜትሩ ማስወጫ ተውን። ከላይ ጫፉ ላይም ከጎረቤት የሚወርደውን ውሃ ተቀብሎ ወደ ጎን የሚወስድ የሲሚንቶ ቦይ ሠራን። ከዚያ ወዲህ ግድግዳችን ደረቅ ነው። ጠጠሩና ቱቦው ያን ጊዜውኑ ቢገቡ ወጪያቸው ከአንድ በር ዋጋ አይበልጥም ነበር። ስለዚህ ፕላንህን ገልጠህ መሃንዲስህን ጠይቀው፤ የድጋፍ ግንቡ ማስወጫ የት ነው? ከላይ የሚመጣውን ውሃ የሚቀበለው ቦይስ የት ነው? ወረቀቱ ላይ ከሌለ ግንበኛው ከራሱ አያመጣውም።

የጣሪያህንም ውሃ አስላው። በ1 ካሬ ላይ የሚጥል 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። 120 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 3,600 ሊትር ማለት ነው። ያ ሁሉ በአሸንዳ ወርዶ መሠረትህ ጥግ ላይ ከተደፋ ሥሩን ያጥበዋል። ወደ ታችኛው ጎረቤት ከለቀቅኸው ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር ጠብ ነው። ከፊሉን ሮቶ ውስጥ አስገባው፤ ቧንቧው በፈረቃ ሲሆን ለልብስና ለሽንት ቤት ይሆንሃል። የሮቶው ማስቀመጫ ግን ዛሬ ይታሰብ፤ 2,000 ሊትር ውሃ ሁለት ቶን ነው፤ ኋላ ተነሥተህ ኮርኒስ ላይ የምታወጣው ዕቃ አይደለም።

ሙሌትን ተጠንቀቅ። በ3 ሜትር ቁልቁለት ላይ የላይኛውን ግማሽ ቆርጦ በወጣው አፈር የታችኛውን መሙላት የተለመደ ነው። ለወለል ከሆነ በደንብ እየተጠቀጠቀ ይሁን፤ የኮለኖቹ፣ ማለትም የኮንክሪት ምሰሶዎቹ፣ መሠረት ግን ሙሌቱን አልፎ ያልተነካ አፈር ላይ ይረፍ። የአንዱ ጎረቤቴ ቤት ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ በሰያፍ የተሰነጠቀው የታችኛው ግማሽ ብቻ ስለሰጠመ ነው።

ብረት ሲታሰር ከሥራ ፈቃድ ወስደህም ቢሆን ቁም። ያለነው ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈረሰው፣ ካራ ቆሬን ክፉኛ የጎዳው የመሬት መንቀጥቀጥ የደረሰው አንተ ከምታስተምርበት ከተማ በደቡብ በኩል፣ በዚያው በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ነው። የኮለኑን ቋሚ ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀጭን ብረት፣ የስታፋው፣ ጫፍ በ90 ዲግሪ ብቻ ታጥፎ ከቀረ መሬት ሲናወጥ ይከፈታል። 135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮለኑ ውስጥ ይግባ፤ ኮለኑ ከአግዳሚው ከቢሙ ጋር በሚገናኝበት አካባቢም ስታፋዎቹ ይቀራረቡ። ሠራተኛ ኮንክሪቱ እንዲላላለት ውሃ ሲጨምርበት ካየህ አስቁመው። ከተሞላ በኋላ ደግሞ ቢያንስ 7 ቀን ውሃ ይጠጣ፤ ደመና ነው ተብሎ አይታለፍ።

አንተ የለመድከው ኮምቦልቻን ነው፤ ደሴ ከዚያ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፣ ብርዷም ሌላ ነው። የጦሳ ተራራ በምዕራብ ስለሚጋርዳት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ቶሎ ትሸሻለች። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ብርዱ በሚበረታበት ወቅት፣ ፀሐይ በደቡብ በኩል ጋደል ብላ ነው የምታልፈው። ስለዚህ የእናትህን ክፍል ምሥራቅና ደቡብ እንዲያይ አድርገው፤ ጠዋት ተነሥተው ፀሐይ የሚሞቁበት መስኮት ይኑራቸው። የሚያንሸራትት ሴራሚክ እሳቸው በሚረግጡበት ሁሉ አይግባ።

ስለ ጉልበታቸው ካነሣህ፣ ዳገቱ ራሱ ይረዳሃል። ዋናውን መግቢያ ወለሉ ከመሬቱ ጋር በሚገናኝበት በላይኛው በኩል ካደረግኸው ደረጃ አያስፈልጋቸውም። በታችኛው በኩል ካደረግኸው ግን ስድስት ሰባት ደረጃ ሊወጡ ነው። የላይኛው መግቢያ ውሃ የሚመጣበት ስለሆነ ከበሩ ፊት በብረት ፍርግርግ የተሸፈነ ቦይ ያስፈልገዋል።

አንድ ልጨምርና ላብቃ። የሽንት ቤት ጉድጓዳችንን የቆፈርነው ከቤቱ በታች፣ ጓሮ ጥግ ላይ ነው። ሲሞላ የመጣው መምጠጫ መኪና ቱቦው አልደረሰለትም። አጥር አፍርሰን በጎረቤት ግቢ አስገባነው፤ ጎረቤቴ ደግ ሰው ባይሆን ምን እንደምናደርግ አላውቅም። ጉድጓዱ መኪና ሊቀርበው የሚችልበት ቦታ ይሁን፤ የፍሳሽ መስመሩ በሚታጠፍበት ሁሉም፣ ሲዘጋ ተከፍቶ የሚጸዳበት ፖዜቶ ይሠራለት።

የሐይቋ

ወንድምዓለም፣ ማድ ቤቱን እስካሁን ማንም አላነሣውም፤ እናትህ ቀኑን የሚውሉት ግን እዚያ ነው።

ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ ግቢ ውስጥ ከሆነ በመካከላቸው ቆርቆሮ ይዘርጋ። እኔ ስምንት ክረምት ሙሉ እንጀራ በሰፌድ አድርጌ፣ በላዩ ላስቲክ ሸፍኜ ዝናብ ውስጥ ስሮጥ ኖሬያለሁ። አምስት እርምጃ ናት፤ ግን በጭቃ ላይ ነው፣ ጉልበት የሚያመው ሰው አይችላትም። የጭሱ መውጫ በየት በኩል እንደሚሆን ደግሞ የሠፈሩን ነፋስ አይተህ ወስን፤ የእኛ ማድ ቤት ጭስ ቀጥታ ወደ መኝታ ክፍል መስኮት ነው የሚገባው።

የማስጫ ቦታ አስብ። በርበሬ፣ እህል፣ ድርቆሽ የሚሰጣበት፣ ፀሐይ የሚያገኘው ጠፍጣፋ ሥፍራ ግቢው ውስጥ ካልተረፈ ሴቶቹ አጥር ላይና መንገድ ዳር ነው የሚያሰጡት። ዳገት ግቢ ላይ ደልዳላ ቦታ ከራሱ አይገኝም፤ ዛሬ ካላስቀረኸው የለም። ለወይባ ጭስም ከነፋስ የተከለለች፣ ጭሱ ቤት የማይገባባት ትንሽ ጥግ ብትተው እናትህ ይመርቁሃል፤ ለጉልበታቸውም ሙቀቱን ይወዱታል።

ቤታችሁ የሚሰገድበት ከሆነ ውዱእ የሚደረግበት ዝቅ ያለ ቧንቧና መቀመጫ ይኑር። እናቴ እግሯን ለማጠብ ወደ እጅ መታጠቢያው ገንዳ ስታነሣው ሳያት አንጀቴ ይበላ ነበር። አንድ ቧንቧና 40 ሳንቲ ከፍታ ያላት መቀመጫ ናት፤ ኋላ ግን ሴራሚኩን ማፍረስ ስለሚጠይቅ ሳንሠራላት ቀረን።

ከሁሉ በፊት ግን ፕላኑን እናትህ እንዲረግጡት አድርግ። በኖራ ቦታው ላይ በሙሉ ልኩ አስምርላቸው፤ «ይሄ ማድ ቤት፣ ይሄ መኝታዎ» እያልክ አብረሃቸው ዙር። ወረቀት ላይ ዝም ያሉትን እዚያ ቆመው ይነግሩሃል።

ኤሌክትሪሻን ነኝ

ከላይ ያሉት ጥሩ ተናግረዋል፤ የእኔ አጭር ነው።

የእንጀራ ምጣድ እስከ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ማለት ነው። ከሶኬቶቹ መስመር ላይ አይቀጠል። ከቦርዱ የራሱ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር ይውጣለት። ቦይለሩም እንዲሁ። ብዙ ቤት ስጠራ የማገኘው የተቃጠለ ሶኬት የምጣድ ነው።

ማብሪያ ማጥፊያ ከመቀበሩ በፊት እያንዳንዱ በር በየት በኩል እንደሚከፈት ከአናጺው ጋር ቁርጥ ይሁን። ካልሆነ ክፍሉ ውስጥ በጨለማ ገብታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ፣ ከበሩ ጀርባ መብራቱን ትፈልጋላችሁ። እናትህ ከአልጋቸው ሳይነሡ የሚያበሩት ማብሪያም ይኑራቸው። የመሬት መስመር (ኤርዝ) አይቅር፤ እርጥብ እጅ ባለበት ማድ ቤት ሕይወት ነው።

ልስን ከመጀመሩ በፊት የሁሉንም ግድግዳ ፎቶ አንሣ፤ የቧንቧውም፣ ሽቦ የሚያልፍበት ቱቦ የኮንዲዩቱም። ሜትር ዘርግተህ አብሮ ይታይ። የዛሬ አምስት ዓመት መጋረጃ ለመስቀል ስትበሳ ያ ፎቶ ያስፈልግሃል።

መምህሩ ከኮምቦልቻ

እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም። ጋሼ ከጦሳ ሥር፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ደሴ ሄጄ ዝናቡን ጠብቄ ቆምኩ። ውሃው የሚመጣው እኔ ከገመትኩት ከመንገዱ በኩል አልነበረም። ከላይኛው ጎረቤት አጥር ሥር በሁለት ቦታ ይወጣና በቀጥታ የእናቴን መኝታ ክፍል ባስቀመጥንበት ማዕዘን በኩል ያልፋል። እሑድ ጠዋት ስመለስ ያ ጥግ ብቻ ጫማ ይይዝ ነበር።

ቪዲዮውን ለመሃንዲሱ ላክሁለት። ፕላኑ ላይ የድጋፍ ግንቡ ማስወጫም ቦይም እንደሌለው አመነ፤ ሰኞ አብረን ሄደን መኝታ ክፍሉን ወደ ምሥራቁ ጥግ ስለማዞር እንነጋገራለን። መግቢያውን ወደ ላይኛው በኩል ማድረጉንም ተቀብሎታል። ኖራ ገዝቻለሁ። እናቴን ዝናቡ ጋብ ባለ ቀን ይዣት እሄዳለሁ፤ ስለ ወይባው ጥግ ስነግራት የት እንደምትፈልገው ወዲያው ነው የነገረችኝ፤ ቦታውን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

የሐይቋ እህቴ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ በማድ ቤቱና በቤቱ መካከል የዘረጋችሁት ቆርቆሮ ስፋቱ ስንት ቢሆን ዝናቡ በነፋስ አይገባም?

የሐይቋ

እኛ በመጨረሻ የዘረጋነው 1.5 ሜትር ነበር፣ በጎን ይገባል። 2 ሜትር አድርገውና ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ወገብ ድረስ በብሎኬት ክለለው። እናትህን ሰላም በልልኝ።