የዕቅድ ውይይት፦ ፋሽን ሾው ይቀነስ፣ የሚቀረው በወጉ ይሠራ

አስተባባሪ፦ ሰላም አባላት። ለሾው አዘጋጆችና ለስፖንሰሮች የምንልከውን የጋራ ሐሳብ እዚሁ እንጻፈው። መነሻዬን ላስቀምጥ። አዲስ አበባ ውስጥ ሾው በዝቷል፣ ልብሱ ግን እየሳሳ ነው። በዓመት ሁለት ትልልቅ መድረክ ይበቃናል እላለሁ። እናንተስ?

ሸማኔ፣ ሽሮ ሜዳ፦ እኔ ከመሸመኛዬ ሆኜ የማየውን ልናገር። ዲዛይነሩ ዓርብ ይመጣና ለሚቀጥለው ዓርብ አድርስልኝ ይለኛል። ጥበብ እንደዚህ አይወጣም። ማጉን ሴቶች በእንዝርት እስኪፈትሉት ራሱ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ ይደወራል፣ ድሩ ይደራል፣ ከዚያ ነው እኔ እግሬን ጉድጓድ ውስጥ የማስገባው። ሲያጣድፉኝ ለማጉም የፋብሪካ ክር አስገባለሁ። ጥለቱንም አሳጥራለሁ። መድረክ ላይ፣ በዚያ መብራት፣ ማንም አያውቅም። የገዛችው ልጅ ግን ሁለቴ ስታጥበው ታውቀዋለች። ይሄን ስናገር አፍራለሁ።

ዲዛይነር፦ ጋሼ፣ የሚያጣድፍዎት እኮ እኛ ነን። ዓምና በሦስት ወር ውስጥ አራት ሾው ላይ ወጣሁ። የመጨረሻውን ቀሚስ ጠዋት ሰፍተን ማታ አሳየነው፤ ጀርባው በመርፌ ቁልፍ ተያይዞ ነበር። በማግስቱ አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ ሊገዙ ሱቄ መጡ። ቀሚሱን ገለበጡና ውስጡን አዩት። ምንም ሳይሉ መልሰው ሰቀሉት። ያ ዝምታ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ሞዴል፦ ስለ ክፍያም ይጻፍ። «ልምድ ታገኛላችሁ» እየተባለ በነፃ መሥራት ይቁም። ታክሲ እንኳ ከኪሳችን ነው።

ጀማሪ ዲዛይነር፦ ቅር አይበላችሁና፣ ይሄ ሐሳብ እኛን ይዘጋል። እናንተ ደንበኛ አላችሁ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ደንበኞቼን ያገኘሁት ከአንድ ትንሽ ሾው ነው። ሁለት መድረክ ብቻ ከቀረ ቦታውን የሚይዘው መመዝገቢያ መክፈል የቻለ ነው።

አስተባባሪ፦ እህቴ፣ እውነትሽን ነው፤ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ሌሎች ያደረጉትን እንይ። ስቶክሆልም እ.ኤ.አ. በ2019 የበጋውን የፋሽን ሳምንት ጭራሽ ሰረዘች። ኮፐንሃገን ግን መድረኩን ሳትዘጋ መግቢያውን አጠበቀች። መስፈርቱን በ2020 አሳወቀች፣ ከ2023 ጀምሮ ያላሟላ አይወጣም አለች። ለኛ የሚሻለን ይሄኛው ይመስለኛል። ቁጥሩን ትተን መስፈርቱን እንጻፍ፤ መስፈርት ካለ ቁጥሩ ራሱ ይቀንሳል። ለጀማሪዎች ደግሞ ያለ ክፍያ የሚገቡበት ቦታ ይያዝ።

ጀማሪ ዲዛይነር፦ እንደዚህ ከሆነ እኔም እፈርማለሁ።

ሸማኔ፣ ሽሮ ሜዳ፦ ቀኑም ይታሰብበት። ታኅሣሥ ላይ ሾው አሳይታችሁ የጥር ሠርግ ትዕዛዝ ታመጡብኛላችሁ። በዚያ ላይ ገናና ጥምቀት አለ። ጥቅምት ላይ ይሁን። ያኔ ትዕዛዙን ተረጋግቼ እሠራለሁ፣ የእጅ ፈትልም አገኛለሁ።

ባለሱቅ፦ የፕሪንቱ ነገር አይረሳ። ከውጭ የሚገባው ጥበብ የታተመበት ጨርቅ ዋጋው ስለሚቀንስ ብዙ ሰው ይለብሰዋል፤ ያንን አልቃወምም። የእጅ ሥራ ተብሎ መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ሸማኔውንም ገዢውንም መበደል ነው።

አስተባባሪ፦ እስካሁን ያልነውን አሰባስቤዋለሁ፦

«ዋናው ሾው በጥቅምት ይሁን። ቀኑ ቢያንስ ከአራት ወር በፊት ይነገር። ልብሱ ከሾው ሁለት ሳምንት ቀድሞ ቀርቦ ውስጡም ውጩም ይታይ፤ ያላለቀ አይውጣ። ፕሪንት ከሆነ ፕሪንት ይባል። ሞዴሎች ይከፈላቸው። ጀማሪዎች ያለ ክፍያ ይግቡ። የእጅ ሥራ በሆነው ልብስ ላይ የሸማኔው ስም ይጻፍ።»

ዲዛይነር፦ ሁለት ሳምንቱ ያስጨንቀኛል፣ ግን ይሁን። ልክ ነው።

ሸማኔ፣ ሽሮ ሜዳ፦ ስሜ መጻፉ ደስ ይለኛል። የፈታይዋም ስም ይግባ። ያለሷ እኔ ምን ልሸምን?

አስተባባሪ፦ ገብቷል። «የሸማኔውና የፈታይዋ ስም» ብዬዋለሁ። የሚቃወም እስከ ሐሙስ ይጻፍልኝ፤ ዓርብ ጠዋት ለአዘጋጆቹ እወስደዋለሁ።