ቦንሳዬ ቅጠሉን እያራገፈ ነው፣ ምን ይሻለኛል?

የአዌቱ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ጅማ፣ ሄርማታ ነው። ሚያዝያ ላይ ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ቦንሳይ፣ ያው ፖት ውስጥ እየተከረከመ አጥሮ የሚያድግ ዛፍ፣ ገዛሁ። ፋይከስ ነው አሉኝ። ቁመቱ አንድ ክንድ አይሞላም። ሥሩ እንደ ስኳር ድንች ያበጠ ነው፣ ፖቱ ሰማያዊ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ጭኔ ላይ ታቅፌው መጣሁ። ለእናቴ የዋጋውን ግማሽ ብቻ ነው የነገርኳት። እሱንም ሰምታ «ጅማ ላይ ዛፍ ጠፍቶ?» እያለች ሰነበተች።

መጀመሪያ መስኮት ላይ ነበር፣ አዲስ ቅጠልም አውጥቶ ነበር። ሐምሌ ላይ እንግዳ ሲመጣብን ለማሳመር ብዬ ቡፌው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አደረግኩት። እዚያው ቀረ። አሁን በየጠዋቱ አምስት ስድስት ቅጠል ረግፎ አገኛለሁ። ግማሹ ቢጫ፣ ግማሹ ደህና አረንጓዴ። ጠምቶት ይሆናል ብዬ በየቀኑ ሁለት ስኒ ውሃ አጠጣዋለሁ። ትናንት ደግሞ እናቴን እጅ ከፍንጅ ያዝኳት፤ የጀበናውን አተላ እሱ ላይ ስትደፋ። «የቡና አገር መጥቶ ቡና ሳይቀምስ?» አለችኝ።

ሞቷል ማለት ነው?

ሚጡ፦
አትቸኩይ። ግንዱን በጥፍርሽ ትንሽ ጫር አድርጊው። ከላጡ ሥር አረንጓዴ ከሆነና ነጭ ወተት ካወጣ በሕይወት አለ። የፖቱንም ቂጥ እዪው፣ ቀዳዳ አለው?

የአዌቱ ልጅ፦
አረንጓዴ ነው፣ ወተትም አለው! ቀዳዳ ግን የለውም። ላዩ ላይ ያለው ጠጠርም በማስቲሽ ተጣብቋል። እስከዛሬ አላስተዋልኩም ነበር።

ጡረተኛው፦
ልጄ፣ የጎዳው ጥማት አይደለም። ውሃና ጨለማ ነው።

ፋይከስ ቦታ ሲቀይሩበት ያኮርፋል። አረንጓዴ ቅጠል የሚጥለው ለዚያ ነው። ቢጫው ግን ሥሩ ውሃ ውስጥ ስለተዘፈዘፈ ይመስለኛል። ዘመዶቹ እኮ ዋርካና ሾላ ናቸው። ያሳጠረው መቀስ ነው እንጂ ተፈጥሮው አይደለም። ሳሎኑ መሀል ለእኛ ዓይን ብሩህ ነው፣ ለእሱ ምሽት ነው።

ፈረንጆቹ «ደቡብ መስኮት ላይ አድርጉት» ይላሉ። ለእነሱ አገር ልክ ነው። እኛ ጋ ግን ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። እኔ የምሥራቁን መስኮት እመርጣለሁ። ክረምት ላይ ከሰዓት ደመና ይጫነናል፣ የጠዋቷ እንዳታመልጠው።

ጠጠሩን አንሺና ቀዳዳ ያለው ፖት ውስጥ አዛውሪው። የጠቆረና የበሰበሰ ሥር ብቻ አውጪ፣ ደህናውን አትንኪ። እኔ የመጀመሪያዬን የገደልኩት እንደታመመ ሥሩን ሙልጭ አድርጌ ከርክሜ ነው። የግቢሽን ቀይ አፈር ብቻውን እንዳትሞዪበት፤ ሲረጥብ ጭቃ፣ ሲደርቅ ጡብ ነው። እኔ ከቢሾፍቱ ሬድ አሽ (ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) በጆንያ አስመጥቼ በወንፊት አበጥረዋለሁ። ከምስር ያነሰውን እጥላለሁ፣ ከሽምብራ የተለቀውንም። የቀረውን ከብስባሽ ጋር እቀላቅላለሁ።

ውሃ በቀን ቆጠራ አይሰጥም። ስንጥር ሰክተሽ አሥር ደቂቃ ተይው፣ ድፎ ዳቦ መብሰሉን እንደምታዪው። ረጥቦ ከወጣ ተዪው። ሊደርቅ ከተቃረበ ከታች እስኪንጠባጠብ አጠጪው።

አተላው ሲጋገርበት ይሻግታል፣ ትንኝም ይጠራል። እናትሽን ግን አትቆጫቸው። ለጎመኑ መደብ ይስጡት።

በረንዳ፦
እኔማ ሳሎን ማስገባቱ ራሱ አይገባኝም። የእኔ ዓመቱን ሙሉ በረንዳ ላይ ነው።

ጡረተኛው፦
እውነትህን ነው፣ ውርጭ የለብንም። ግን የታመመ ዛፍ በአንድ ቀን ፀሐይ ላይ አይወጣም። ይገገምና ቀስ በቀስ። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ማታ ማታ ብታስገባው አይከፋም።

የአዌቱ ልጅ፦
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ፖቱን ስገለብጠው ሽታው አይጣል ነበር። አሁን በምሥራቁ መስኮት፣ በርጩማ ላይ ነው። መራገፉ ቆሟል። ትናንት አንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታክል ሹል ቡቃያ አየሁ። ቀድማ ያየቻት እናቴ ናት። ጠዋት ጠዋት መነጽሯን አድርጋ ታየዋለች። ዋጋውን ግን እስካሁን አልነገርኳትም።