የአኳሪየም ማሞቂያ ሳይጠፋ አደረ፤ የውጭ ሙቀት መቆጣጠሪያ ልግዛ?

ጀጎል ዓሣ (ሐረር)

ሰላም ለሁላችሁ። ጀጎል ውስጥ ነው የምኖረው። 80 ሊትር አኳሪየም አለኝ፤ ጉፒና ኮሪዶራስ የሚባሉ ዓሦች አብረው ይኖሩበታል። የድንጋይ ቤታችን ቀን ላይ ይመቻል፤ ከኅዳር ወዲህ ግን ንጋት ላይ ክፍሉ 17 ዲግሪ ድረስ ስለሚወርድ ያለ ማሞቂያ አይሆንም።

ባለፈው ሳምንት 25 ላይ የተደረገው ማሞቂያ ሌሊቱን ሙሉ ሳይጠፋ አደረ። ጠዋት ቴርሞሜትሩ 34 ያሳይ ነበር። ጉፒዎቹ ወደ ላይ ወጥተው በችግር ይተነፍሱ ነበር፤ ኮሪዶራሶቹ ግን አልተረፉም። ከትንሽነታቸው ያሳደግኋቸው ስለሆኑ በጣም አዝኛለሁ።

ማሞቂያው 200 ዋት ነው፤ ሻጩ «ትልቁ ቶሎ ያሞቃል» ብሎ ነው የሰጠኝ። አሁን ከውጭ የሚገጠም የሙቀት መቆጣጠሪያ እንድጨምርበት ተመክሬአለሁ። ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሁለት ዓይነት አይቻለሁ፤ አንዱ ገመድ ያልተገጠመለት ኤስቲሲ-1000፣ ሌላው ሶኬት ላይ ብቻ የሚሰካ። የትኛውን ልግዛ? ደግሞም አንድ ሰው «ከመቆጣጠሪያው ጋር እንዳይጋጭ የማሞቂያውን መደወያ መጨረሻ ድረስ አዙሪው» አለኝ። ልክ ነው? መብራት ሄዶ ሲመጣስ እንደገና ማስተካከል አለብኝ?

የድሬ ማቀዝቀዣ (ድሬዳዋ)

እህቴ፣ ስለ ዓሦችሽ አዝናለሁ። ሥራዬ የፍሪጅና የቀዝቃዛ ክፍል ጥገና ነው፤ ኤስቲሲ-1000 በየጊዜው በእጄ የሚያልፍ ዕቃ ነው። ቤቴም አኳሪየም አለ፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትሰልቺ።

በቅድሚያ መደወያውን መጨረሻ ድረስ አዙሪ የተባልሽውን እባክሽ አትስሚ። እንዲያ ማድረግ ከሁለት ዘበኛ አንዱን ማሰናበት ነው። ማሞቂያው ውስጥ ሙቀት ሲነካው የሚታጠፍ ባለ ሁለት ብረት ቅጠል (ቴርሞስታት) አለ፤ ሲታጠፍ ኤሌክትሪኩን ያቋርጣል። በተላቀቀ ቁጥር ግን ትንሽ ብልጭታ ትፈጠራለች፤ ብልጭታዋ እየበላችው ሄዳ አንድ ቀን ሁለቱ ብረቶች ተበይደው ይቀራሉ። ያንቺም ይህ የደረሰበት ይመስለኛል። አሁን ልብ በዪ፦ መቆጣጠሪያውም ውስጥ ያለው ሪሌ እንደዚሁ የሚነካካ ብረት ነው፤ እሱም ሊበየድ ይችላል። ስለዚህ መቆጣጠሪያውን 25፣ የማሞቂያውን መደወያ 27 አድርጊ። በደህናው ቀን መቆጣጠሪያው 25 ላይ ስለሚያቋርጥ የማሞቂያው ቴርሞስታት ሥራ የለውም፤ ብልጭታም ስለሌለ ዕድሜው ይረዝማል። ሪሌው የተበየደ ቀን ደግሞ 27 ላይ ያቆምልሻል። በ27 ዲግሪ ጉፒም ኮሪዶራስም አይሞትም። አልፎ አልፎ መቆጣጠሪያውን ለጥቂት ሰዓት 29 አድርገሽ የማሞቂያው መብራት በራሱ መጥፋቱን አረጋግጪ፤ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ቴርሞስታት ደህና መሆኑ የሚታወቀው ሲፈተን ብቻ ነው።

ከዚህ እንደምትረጂው ያ የተበላሸው ማሞቂያ በመቆጣጠሪያ አይድንም። ጣዪው። ስትገዪም 200 ዋት አትግዢ። 80 ሊትር ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 100 ዋት ማሞቂያ፣ የሚባክነው ሙቀት ሳይቆጠር፣ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ 200 ዋት ግማሽ ሰዓት። ሳይጠፋ ቢያድር ዓሣሽን የሚቀቅለው የቱ ማሞቂያ እንደሆነ አስቢው። ለአንድ ሊትር አንድ ዋት ገደማ፣ ከላይ ክዳን ካለው፣ ለሐረር ሌሊት ይበቃል። አቅሙ ካለሽ ሁለት ባለ 50 ዋት ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ያቆይልሻል።

ከሁሉ በላይ የምፈራው ውሃው ውስጥ ገብቶ ሙቀቱን የሚለካለትን ሴንሰር ነው። ገመዱ ቢበጠስ ኤስቲሲው «ኢኢ» ብሎ ይጮኻል፣ ሁሉንም ያጠፋል። ሴንሰሩ ከውሃው ከወጣ ግን ለእሱ ብልሽት አይደለም፤ የክፍሉን 17 ዲግሪ አየር እየለካ «ውሃው ቀዝቅዟል» ብሎ ማሞቂያውን እንደበራ ይተወዋል። የመምጠጫ ጎማው ጊዜ ሲቆጠር ይለቃልና በእሱ ብቻ አትመኚ፤ ገመዱን ጠርዙ ላይ በመቆንጠጫ እሠሪው። ቦታው ዝቅ ያለ፣ ከማሞቂያው ራቅ ያለ፣ የማጣሪያው ውሃ የሚያልፍበት ይሁን። ውሃ ስትቀይሪ ማሞቂያውን ከ15 ደቂቃ በፊት ንቀዪ፤ ትኩስ መስታወት ከውሃ ሲወጣ ይሰነጠቃል።

የትኛውን ልግዛ ላልሽው፣ የሚሰካውን። ኤስቲሲ-1000 ጠንካራ ዕቃ ነው፤ ነገር ግን 5 እና 6 ቁጥር ላይ ያለው የማሞቂያ መውጫ ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ነው፣ በራሱ ኤሌክትሪክ አይሰጥም። ኤሌክትሪኩ ከሚገባበት ከ1 ወይም ከ2 መስመሩን ወደ እሱ መሳብ ያስፈልጋል። ይህንን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሥራው፤ ውሃ አጠገብ የተከፈተ ገመድ አልወድም። የትኛውም ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ ይታጠፍ፤ ጠብታው በገመዱ ተጉዞ ዲቫይደሩ ውስጥ ከሚገባ ወለሉ ላይ ይውደቅ። ቆጣሪሽ አጠገብ 30 ሚሊ አምፔር የሆነ፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ የሚያቋርጥ ብሬከር ማስገጠም ደግሞ ለአንቺና ለልጆች ሕይወት ነው።

መብራት ሄዶ ቢመጣ ያስገባሽው ቁጥር አይጠፋም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። መብራት ሲመለስ ለሚመጣው ከፍተኛ ቮልቴጅ ግን ስታቢላይዘር ካለሽ በእሱ አሳልፊው።

ገንደ ቆሬ (ድሬዳዋ)

እኛ ዘንድ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቤት ውስጥ ያለ ውሃ 31 ይደርሳል። ያው መቆጣጠሪያ የማቀዝቀዣ መውጫም ስላለው አነስተኛ ቬንትሌተር አገናኝቼበት በውሃው ገጽ ላይ እንዲነፍስ አድርጌያለሁ። ድሬ ደረቅ ስለሆነች ውሃው ይተናል፣ ሲተንም ሁለት ሦስት ዲግሪ ይወርዳል። ለሚሞክር ሰው አንድ ማሳሰቢያ፦ የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ማዕድኑ ይቀራል። የእኛ የቧንቧ ውሃ ማንቆርቆሪያውን ሁሉ ነጭ የሚያለብስ ጠጣር ውሃ ስለሆነ፣ የጎደለውን በእሱ እየሞሉ መቀጠል ለዓሣው አይበጅም፤ ማዕድኑ የወጣለት የተጣራ ውሃ ጨምሩ፣ ወይም ከፊሉን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። ያው ነጭ ቅርፊት ሴንሰሩንና ማሞቂያውንም ይሸፍናል፤ ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፎ ማጠብ ያስለቅቀዋል።

ጀጎል ዓሣ (ሐረር)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። ጋሼ፣ የሚሰካውን ገዛሁ፤ ባለ 100 ዋት ማሞቂያም አገኘሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። መቆጣጠሪያው 25 ሲል ቴርሞሜትሬ 26 ተኩል ይላል። የትኛውን ልመን? የፈላ ውሃ ውስጥ ከትቼ 100 ማለቱን ልይ?

የድሬ ማቀዝቀዣ (ድሬዳዋ)

የፈላ ውሃ ተዪው። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በዚያ ብታስተካክዪው ሁሉም ይዛባብሻል። በረዶ ግን የትም ዜሮ ላይ ይቀልጣል። በረዶውን ሰባብረሽ ብርጭቆ ሙዪ፣ ክፍተቱ እስኪሞላ ብቻ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሪ፣ ሴንሰሩንና ቴርሞሜትሩን አብረሽ ከተሽ እያማሰልሽ ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ። የብርጭቆውን ታች እንዳይነኩ። ከዜሮ የራቀው የቱ እንደሆነ ያኔ ይለያል። መቆጣጠሪያው ከሆነ ልዩነቱን ማረሚያው ላይ አስገቢ፤ ኤስቲሲ ላይ ኤፍ4 የሚባለው ነው፣ የአንቺም ላይ ተመሳሳይ አለ። ቴርሞሜትሩ ከሆነ ደግሞ ኮሪዶራስ ከመግዛትሽ በፊት ሌላ ግዢ።