የዕቅድ ውይይት፦ ለአባላት ሁሉ የሚሆን የሞንጎዲቢ ኮንቴይነር አዘገጃጀት

አስተባባሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በስብሰባው እንደተባባልነው፣ ሞንጎዲቢን (የዳታቤዝ ሶፍትዌር ነው) በዶከር (ሶፍትዌርን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ በሚያስኬድ መሣሪያ) ለሚያስኬዱ አባላት አንድ የጋራ የአሠራር ሐሳብ አርቅቀን ለጠቅላላ ጉባኤው እናቀርባለን። አሁን እያንዳንዱ ቡድን በየራሱ መንገድ ነው የሚያስነሳው። አንዱ ሲቸገር ሌላው ሊያግዘው ቢፈልግ፣ ችግሩ ጋ ከመድረሱ በፊት አወቃቀሩን ለመረዳት ብቻ ብዙ ሰዓት ይሄዳል።

ለመነሻ ያህል ያሰብኩት ይህ ነው፦ ኦፊሴላዊው የሞንጎ ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ዝግጁ ጥቅል)፣ አንድ የኮምፖዝ ፋይል (ኮንቴይነሮቹ እንዴት እንደሚነሱ የሚዘረዝር)፣ ስም ያለው ቮልዩም (ከኮንቴይነሩ ውጭ የሚቆይ የዳታ ማስቀመጫ)፣ የአስተዳዳሪ ስምና የይለፍ ቃል በኢንቫይሮመንት ቫሪያብል (ኮንቴይነሩ ሲነሳ በሚሰጠው እሴት)፣ ፖርት 27017። ቀጥሎ «ሲበላሽ ከየት እንጀምር?» የሚል ክፍል። ጨምሩበት፣ ቀንሱለት፤ ያልተስማማችሁበትንም በግልጽ ጻፉ።

የሰርቨር ቡድን ተጠሪ፦

እናመሰግናለን። እኔ ከቮልዩሙ ልጀምር። ሌላው ሁሉ ሊጠገን ይችላል፤ ዳታ ግን ከጠፋ ጠፋ ነው።

ኦፊሴላዊው ኢሜጅ ዳታውን የሚጽፈው «/ዳታ/ዲቢ» ላይ ነው። ይህንን ቦታ ኢሜጁ ራሱ ቮልዩም ብሎ ስላወጀው፣ እኛ ምንም ባንሰጠውም ዶከር ስም የለሽ ቮልዩም ይፈጥርለታል። ተጠቃሚው ኮንቴይነሩን አቁሞ ሲያስነሳው ዳታው በቦታው አለ፤ ስለዚህ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስለዋል። አንድ ቀን ግን ኮምፖዙን በ«ዳውን» አውርዶ በ«አፕ» ሲያነሳው አዲስ ቮልዩም ይፈጠራል፣ ዳታቤዙም ባዶውን ይነሳል።

ከዚህ የሚብሰው ቮልዩም ሰጥቶ ቦታውን መሳት ነው። ስም ያለውን ቮልዩም «/ዳታ» ላይ ብቻ ያሰረ ሰው ዳታዬ ተጠብቋል ብሎ ያምናል። ኢሜጁ ያወጀው ስም የለሽ ቮልዩም ግን «/ዳታ/ዲቢ» ላይ ከላዩ ይታሰራል፤ የሚጻፈው ሁሉ እዚያ ነው የሚገባው። ፋይሉን የሚያነብ ሌላ ሰውም ስህተቱን በቀላሉ አያየውም፣ ምክንያቱም ቮልዩሙ ስም አለው፣ መስመሩም ትክክል ይመስላል። ስለዚህ ረቂቁ ላይ ሙሉው መንገድ ተጽፎ ይግባ። ከተነሳ በኋላም አባሉ የኮንቴይነሩን ዝርዝር በሚያሳየው «ዶከር ኢንስፔክት» የ«ማውንትስ» (የታሰሩ ቮልዩሞች) ክፍልን አይቶ «/ዳታ/ዲቢ» ላይ ያለው የቮልዩም ስም እሱ የሰጠው መሆኑን ያረጋግጥ። ከረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ሌላ ስም ካላየ፣ ያ ስም የለሹ ነው።

ዳታቤዙ ባዶ ሆኖ ለተነሳበት አባል ደግሞ የመጀመሪያው መመሪያ «ምንም አታጽዳ» ይሁን። አሮጌው ቮልዩም አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩ ላይ አለ፤ የቮልዩም ዝርዝሩን አውጥቶ ቀኑን እያየ መፈለግ ይችላል። «ቮልዩም ፕሩን» (ጥቅም ላይ ያልዋሉ ቮልዩሞችን የሚያጸዳው ትእዛዝ) ያለ ሰው ግን ያንኑ ስም የለሽ ቮልዩም ነው የሚያጠፋው። ከዶከር 23 ወዲህ ይህ ትእዛዝ ያለ ተጨማሪ አማራጭ የሚነካው ስም የለሾቹን ብቻ ነው፤ ልናድነው የምንፈልገው ደግሞ ከእነሱ አንዱ ነው። «ዳውን» ላይ የቪ (-v) አማራጭ መጨመርም ስም ያለውን ሳይቀር ስለሚያጠፋ በረቂቁ በግልጽ ይከልከል።

የመተግበሪያ ቡድን አባል፦

የቮልዩሙ ነገር በሚገባ ተብሏል። እኔ መገናኘት ላይ ልጨምር፤ ለእርዳታ የሚመጣው ጥያቄ በብዛት እዚያ ነው።

የችግር ማጣሪያው፣ ማለትም «ሲበላሽ ከየት እንጀምር?» የሚለው ክፍል፣ በሁለት ስህተቶች ይከፈል። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» የሚለው ገና ሞንጎ ጋ እንዳልደረስን ይነግረናል። «ኦተንቲኬሽን ፌይልድ» የሚለው ደርሰናል፣ ግን ማንነታችንን አልተቀበለም ማለት ነው። ሰዎች ሁለቱን እያቀላቀሉ፣ የይለፍ ቃሉ ትክክል ሳለ ይቀይሩታል፤ ወይም ኔትወርኩ ደህና ሳለ ይነካኩታል።

ለመጀመሪያው ዋናው ምክንያት «ሎካልሆስት» ነው። መተግበሪያው ራሱ ኮንቴይነር ውስጥ ካለ፣ ሎካልሆስት ማለት የራሱ ኮንቴይነር ነው፤ ሞንጎ እዚያ የለም። አድራሻው በኮምፖዝ ፋይሉ ላይ ለሞንጎ የተሰጠው የሰርቪስ ስም መሆን አለበት። ሁለተኛው ምክንያት ቅደም ተከተል ነው፦ «ዲፔንድስ ኦን» (የመነሻ ቅደም ተከተል የሚሰጠው መስመር) ብቻውን ኮንቴይነሩ መነሳቱን እንጂ ዳታቤዙ ዝግጁ መሆኑን አይጠብቅም። ሄልዝቼክ (ዳታቤዙ ዝግጁ መሆኑን በየጊዜው የሚፈትሽ ትእዛዝ) ይኑረው፣ መተግበሪያውም «ሰርቪስ ሄልዚ» የሚለውን ሁኔታ ይጠብቅ። ሄልዝቼኩ ውስጥ የሚጠራው «ሞንጎሽ» (አዲሱ የሞንጎ የትእዛዝ መስጫ ሼል) ይሁን፤ አሮጌው የ«ሞንጎ» ሼል ከ6.0 ጀምሮ ስለሌለ፣ ከድሮ ፋይል የተቀዳ ሄልዝቼክ ዳታቤዙ ጤነኛ ሆኖም ታሟል ይላል።

ለሁለተኛው ስህተት፦ የአስተዳዳሪውን ስምና የይለፍ ቃል የሚሰጡት ቫሪያብሎች የሚሠሩት የዳታው ቦታ ባዶ ሆኖ ሲነሳ ብቻ ነው። የመነሻ ስክሪፕቶቹም እንደዚያው። ስለዚህ ፋይሉ ላይ የይለፍ ቃል ቀይሮ ኮንቴይነሩን እንደገና ያስነሳ ሰው አሮጌው ቃል ነው የሚሠራለት። መቀየር ያለበት ዳታቤዙ ውስጥ ገብቶ ነው። አስተዳዳሪው የሚፈጠረው «አድሚን» በሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ ስለሆነ፣ በአስተዳዳሪው ስም ወደ ሌላ ዳታቤዝ የሚገባ ሰው የግንኙነት መስመሩ ላይ ኦውዝሶርሱ (ተጠቃሚው የተመዘገበበት ዳታቤዝ) አድሚን መሆኑን መግለጽ አለበት። የይለፍ ቃሉ ውስጥ «@» ካለ ደግሞ መስመሩ ላይ «%40» ተብሎ ይጻፋል፤ አለዚያ መስመሩ በትክክል አይነበብም።

የደኅንነት ኃላፊ፦

ከመነሻው ረቂቅ በአንድ ነጥብ አልስማማም፦ ፖርት 27017 ወደ ውጭ መውጣት የለበትም። ኦፊሴላዊው ኢሜጅ ከሌሎች ኮንቴይነሮች ጋር ለመገናኘት ሲል በሁሉም ኔትወርክ ላይ ነው የሚያዳምጠው። ዶከር ደግሞ ፖርት ሲከፍት የአይፒቴብልስ (የሊኑክስ ፋየርዎል) ሕግ ራሱ ስለሚጽፍ፣ በዩኤፍደብሊው (በፋየርዎል ማስተዳደሪያው) ዘግተነዋል ያልነው ፖርት ክፍት ሆኖ ይገኛል። በጥር 2017 እ.ኤ.አ. ያለ የይለፍ ቃል ኢንተርኔት ላይ የተገኙ በሺዎች የሚቆጠሩ የሞንጎዲቢ ዳታቤዞች ተጠርገው በምትካቸው የገንዘብ መጠየቂያ መልእክት ተቀምጦባቸዋል። ያንን የሚያህል ጥፋት የደረሰው በረቀቀ ጥቃት አልነበረም፤ በሩ ክፍት ስለነበረ ነው።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ፦ በኮምፖዙ ፖርት ጨርሶ አይጻፍ። መተግበሪያው በዚያው ኔትወርክ ውስጥ በሰርቪስ ስም ይደርሰዋል። ለአስተዳደር የግድ ካስፈለገ 127.0.0.1 (ማሽኑ ራሱ) ላይ ብቻ ታስሮ በኤስኤስኤች ዋሻ (በተመሰጠረ የርቀት መስመር) ይገባ። የይለፍ ቃሉም በቫሪያብል ቀጥታ አይሰጥ፤ «ኢንስፔክት» ያደረገ ሁሉ ያየዋል። ኢሜጁ ከፋይል ማንበብ ስለሚችል በሲክሬት (ዶከር ምስጢርን በፋይል በሚያቀብልበት መንገድ) ይሰጥ። መተግበሪያው በአስተዳዳሪው ስም አይግባ፤ በራሱ ዳታቤዝ ላይ ብቻ ማንበብና መጻፍ የሚችል ተጠቃሚ ይፈጠርለት።

አስተባባሪ፦

የፖርቱን ነጥብ ተቀብያለሁ፣ ከረቂቁ ይወጣል።

የዳታ ቡድን አባል፦

እኔ የምጠይቀው ሬፕሊካ ሴት (አንድን ዳታ አብረው የሚይዙ የሞንጎ ሰርቨሮች ስብስብ) በመነሻው ውስጥ እንዲገባ ነው፤ ሦስት አባላት ያሉት። ትራንዛክሽንም (ብዙ ለውጦችን እንደ አንድ መጻፍ) ቼንጅ ስትሪምም (ለውጦችን በደረሱ ጊዜ መከታተል) ያለ ሬፕሊካ ሴት አይሠሩም። ሁለቱንም የሚጠቀሙ ቡድኖች አሉን፤ ነጠላ ዳታቤዝ ብለን ብናስጀምራቸው ነገ ያፈርሱታል።

የሰርቨር ቡድን ተጠሪ፦

ትራንዛክሽኑ ላይ ትክክል ነሽ። ሦስቱ ኮንቴይነሮች ግን አንድ ማሽን ላይ ከሆኑ ዲስኩ ሲሞት ሦስቱም አብረው ይሞታሉ፤ ሜሞሪውን ሦስት እጥፍ እየከፈልን የምናገኘው ጥበቃ የለም። አንድ አባል ብቻ ያለው ሬፕሊካ ሴት ትራንዛክሽኑንም ቼንጅ ስትሪሙንም ይሰጠናል። መነሻው እሱ ይሁን፤ ሦስት ማሽን ላለው ቡድን ደግሞ ማስፋፊያው በተጨማሪ ክፍል ይጻፍ።

የዳታ ቡድን አባል፦

በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን አጀማመሩ በጥንቃቄ ይጻፍ። ያለ ዝርዝር «አርኤስ ኢኒሺዬት» (ሬፕሊካ ሴቱን የሚያስጀምረው ትእዛዝ) ያለ ሰው የሬፕሊካ ሴቱ አባል አድራሻ የኮንቴይነሩ ሆስትኔም ሆኖ ይመዘገባል፤ እሱም ካልተሰየመ የኮንቴይነሩ መለያ ቁጥር ነው። ኮንቴይነሩ እንደገና ሲፈጠር መለያው ይቀየራል፤ ዳታቤዙም በመዝገቡ ላይ ያለውን አባል ፈልጎ ራሱን ስለማያገኝ ፕራይመሪ (መጻፍን የሚቀበለው ዋና አባል) መሆን ያቅተዋል። ማንበቢያውም መጻፊያውም ይቆማል፣ ዳታው ግን ሙሉ ነው። አድራሻው ከመጀመሪያው የሰርቪሱ ስም ተብሎ ከተሰጠ ይህ አይደርስም። በዋሻ በኩል ከውጭ የሚገባም ሰው ያንን ስም ስለማያውቀው «ዳይሬክት ኮኔክሽን» የሚለውን አማራጭ መጨመር አለበት።

ሬፕሊካ ሴትና የይለፍ ቃል አንድ ላይ ሲሆኑ ኪይፋይል (የሬፕሊካ ሴቱ አባላት እርስ በርስ የሚተዋወቁበት የምስጢር ፋይል) ያስፈልጋል። ፈቃዱ 400 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበው)፣ ባለቤቱም በኢሜጁ ውስጥ ያለው የሞንጎ ተጠቃሚ፣ ማለትም ተጠቃሚ ቁጥር 999 ይሁን። ፈቃዱ ከላላ ሞንጎ አይነሳም፤ ሎጉ ግን ምክንያቱን በግልጽ ይናገራል።

የድጋፍ ቡድን አባል፦

የማጣሪያውን ክፍል እኔ ልጻፈው። ከመውጫ ቁጥሩ እንዲጀምር ነው የምፈልገው፤ ኮንቴይነሩ ሲሞት የሚተወው ቁጥር ከማንኛውም ግምት ይሻላል።

132 ከሆነ ሲፒዩው ነው። ሞንጎዲቢ ከ5.0 ጀምሮ በኢንቴልና በኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ኤቪኤክስ (ሲፒዩው ሊኖረው የሚገባ የትእዛዝ ስብስብ) ይፈልጋል። ቨርቹዋል ማሽን ላይ ከሆነ፣ እውነተኛው ሲፒዩ ኤቪኤክስ ኖሮት የቨርቹዋሉ ሲፒዩ ዓይነት ስለሸሸገው ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ እዚያ ይታይ። ወደ 4.4 መመለስ መፍትሔ ተደርጎ እንዳይጻፍ፤ ድጋፉ በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. አብቅቷል።

62 ከሆነ ዳታው በሌላ ቨርዥን የተጻፈ ነው። ይህ የሚመጣው ኢሜጁ በቁጥር ሳይሆን «ሌተስት» (የመጨረሻው) ተብሎ ሲቀመጥ ነው፤ አንድ ቀን ይጎተትና ቨርዥኑ ዘሎ ይሄዳል። ሞንጎዲቢ ዋና ቨርዥን አያስዘልልም፦ ከ4.4 ወደ 5.0፣ ከዚያ 6.0፣ ከዚያ 7.0፤ በየደረጃው ደግሞ የፊቸር ኮምፓቲቢሊቲ ቨርዥኑ (ዳታው የሚከተለው የቨርዥን ደረጃ) ከፍ መደረግ አለበት። ስለዚህ ኢሜጁ በቁጥር ይታሰር። ይህ ሲደርስ ወደ ቀድሞው ኢሜጅ መመለስ ብዙ ጊዜ በቂ ነው።

137 ላይ ሰው ሁሉ «ሜሞሪ ነው» ይላል። ሊሆን ይችላል፤ ግን ቁጥሩ የሚናገረው ፕሮሰሱ በግድ መገደሉን ብቻ ነው። ዶከር ስናቆመው 10 ሰከንድ ጠብቆ ይገድላል፣ ያም 137 ይሰጣል። ኢንስፔክት ላይ «ኦኦኤም ኪልድ» (በሜሞሪ እጥረት ተገደለ) እውነት ይላል ወይስ ሐሰት የሚለው ይለየዋል። ሐሰት ከሆነ የማቆሚያ ጊዜውን ማራዘም ነው። እውነት ከሆነ ካሹን (ለፍጥነት ሜሞሪ ላይ የሚያዘውን ዳታ) እንይ፦ ዋየርድታይገር (ሞንጎ ዳታውን የሚያስቀምጥበት ሞተር) በመደበኛው ከሜሞሪው 1 ጊጋባይት ተቀንሶ የቀረውን ግማሽ፣ ወይም 256 ሜጋባይት፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ይይዛል። 4 ጊጋባይት ላይ 1.5 ማለት ነው። ከካሹ ውጭ ደግሞ ግንኙነቶቹና ሶርቶቹ የራሳቸውን ይወስዳሉ። ለኮንቴይነሩ ገደብ ስንሰጥ የካሹንም መጠን በቁጥር እንስጥ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ስለ ባክአፕ እስካሁን ማንም አልጻፈም። ቮልዩም ባክአፕ አይደለም።

የሰርቨር ቡድን ተጠሪ፦

እውነት ነው፣ ይግባ። «ሞንጎደምፕ» (የሞንጎ የባክአፕ መሣሪያ) በአርካይቭና በጂዚፕ፣ ፋይሉ ከዚያው ማሽን ውጭ የሚቀመጥ። ሥራ ላይ ያለን ቮልዩም ፎልደሩን እንዲሁ መቅዳት ግን እንደ ባክአፕ እንዳይቆጠር፤ ፋይሎቹ እየተጻፉ ስለሚቀዱ ላይነሳ ይችላል። ባክአፑም ወደ ሌላ ባዶ ኮንቴይነር ተመልሶ የዶክመንቶቹ ቁጥር ካልተመሳከረ አባሉ «ባክአፕ አለኝ» ማለት የለበትም።

አስተባባሪ፦

እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ይቁም። ኢሜጁ በቁጥር የታሰረ፤ ቮልዩሙ ስም ያለውና ሙሉ መንገዱ የተጻፈ፤ ፖርት ወደ ውጭ የማይወጣ፤ የይለፍ ቃሉ በሲክሬት፤ ባለ አንድ አባል ሬፕሊካ ሴት በሰርቪስ ስም፤ ሄልዝቼክ በሞንጎሽ፤ የሜሞሪ ገደብና የካሽ መጠን አብረው። የኮምፖዝ ፋይሉን የሰርቨር ቡድኑ፣ የሬፕሊካውን ክፍል የዳታ ቡድኑ፣ ማጣሪያውን የድጋፍ ቡድኑ ከመተግበሪያ ቡድኑ ጋር ይጻፉ። ኩበርኔቲስ (ኮንቴይነሮችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስተዳድር ሥርዓት) በዚህ ዙር አይገባም፤ አንድ ማሽን ያለው አባል ነው የሚበዛው።

የድጋፍ ቡድን አባል፦

አንድ ጥያቄ ብቻ። ጽሑፉ ለጉባኤው ከመቅረቡ በፊት፣ በዚህ ውይይት ያልተሳተፈ አባል ባዶ ማሽን ላይ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ይሞክረው። እኛ አጠገቡ ሆነን አንርዳው፤ የቆመበትን መስመር ብቻ እንመዝግብ። ከዚያም ኮንቴይነሩን በ«ዳውን» አውርዶ ያነሳው፣ ያስገባቸው ዶክመንቶች መኖራቸውንም ይይ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦

ከአዲሶቹ አባላት መካከል ፈቃደኛ ፈልጌ እዚሁ አሳውቃለሁ። የመውጫ ቁጥሮቹ ክፍል መጀመሪያ ከደረሰልኝ ወደ ቃለ ጉባኤው አያይዘዋለሁ።