የእንግሊዝኛው «ፖሲብሊ» (possibly) ሁሌ «ምናልባት» ነው እንዴ?

ሰላም ቤቶች፣ እዚህ አዳማ ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው፣ መቼም ከተማችን ስብሰባ አያጣትም። አንድ እንግዳ እራት ሲጋበዝ «አይ ካንት ፖሲብሊ ካም» ብሎ ሄደ፣ ባልደረባዬ ለአለቃ «ምናልባት አይመጣም» ብሎ ነገረው፣ በቃ ጠረጴዛው ተዘርግቶ አመሸ 😂 ዲክሽነሪው እኮ ምናልባት ነው የሚለው። እስኪ አስረዱኝ

↪ እህቴ ዲክሽነሪው አልዋሸም፣ ግን ግማሹን ነው የነገራችሁ። ፖሲብሊ ከካንት ወይ ከኩድንት ኋላ ከመጣ ጥርጣሬ የሚባል ነገር የለውም፣ እምቢታውን ነው የሚያጠብቀው፣ «በምንም ተአምር አልችልም» እንደማለት። ቦታውን ስትቀይሪው ነው ጉዱ፦ «ሂ ፖሲብሊ ካንት ካም» ካለሽ ያኔ «ምናልባት መምጣት ላይችል ይችላል» ይሆናል፣ ቃሉ ያው ነው የዞረው ቦታው ብቻ። ምግብ ጨምሪ ስትባይም «ኦ አይ ኩድንት ፖሲብሊ» ይላሉ፣ የኛ «ኧረ በቃኝ!» ማለት ነው፣ ልዩነቱ እነሱ አንዴ ካሉ ጉርሻ አይከተላቸውም

↪ እሺ «ኩድ ዩ ፖሲብሊ» ብለው ሲጠይቁስ? ይሄንንም በቀን አስሬ ነው የምሰማው

↪ እሱማ ትህትና ነው። «ኩድ ዩ ፖሲብሊ ቼንጅ ማይ ሩም» ማለት «ካላስቸገርኩ ክፍል ብትቀይሪልኝ» ነው፣ እንግዳው ወስኖ ነው የመጣው፣ ቁልፍ ፈልጊለት

↪ እኔ የምጨምረው ሚዛኑን ነው። ፕሮባብሊ «ሳይሆን አይቀርም» ነው፣ ሜይቢና ፐርሃፕስ መሀል ላይ «ምናልባት» ናቸው (ፐርሃፕስ ትንሽ ከረቫት ያሰረ ነው)፣ ፖሲብሊ ብቻውን መልስ ሆኖ ሲመጣ ግን ከነሱም ይሳሳል፣ «እንግዲህ… ሊሆንም ይችላል» አይነት፣ ሰው ፖሲብሊ ካለሽ ብዙ ተስፋ አታድርጊ። እና ሜይቢን አንድ ላይ (maybe) ጻፉት፣ ከተለያየ (may be) ግስ ነው የሚሆነው፣ ይሄ ስህተት ያበሳጨኛል

↪ በኦሮምኛ ታሪ አለን አይደል፣ ለሜይቢ ልክክ ይላል፣ ለክፍል ይቀየርልኝ ግን ታሪም አይሠራም ምናልባትም አይሠራም

↪ ገባኝ፣ ተባረኩ። «አስ ሱን አስ አይ ፖሲብሊ ካን»ስ?

↪ «በተቻለኝ ፍጥነት»። እዛጋ ደግሞ የሚያጠብቀው መቻሉን ነው