የሂንዱዎቹ ጉሩ እንደኛ የንስሐ አባት ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ማኪያቶ_ብቻ፦
ሰላም ናችሁ፣ ባካችሁ የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ። የምሰራው ስታዲየም ጋ ነው፣ ሂሳብ ክፍል፣ አለቃዬ ህንዳዊ ነው፣ ደህና ሰው ነው አማርኛም ይሞክራል፣ "እሺ" እና "ነገ"ን ከኛ በላይ ለምዷቸዋል። ጠረጴዛው ላይ የአንድ ሽማግሌ ፎቶ አለ፣ ጠዋት ኮምፒውተሩን ሳይከፍት መጀመሪያ እሱን በእጁ ነካ ያደርጋል። ባለፈው ሳምንት ማኪያቶዬ ተደፋብኝና ጠረጴዛውን ልጠርግ ብዬ ፎቶውን አንስቼ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት፣ ልክ በዛች ሰአት ገባ። አልተቆጣም፣ ዝም ብሎ አነሳው፣ በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው፣ ግንባሩን አስነካውና ቦታው መለሰው። ከዛ ቀኑን ሙሉ ጭጭ። ደንግጬ "አባትህ ናቸው?" ስለው የሆነ ስም ጠራና "ጉሩጂ" አለኝ፣ ስሙን ሲጠራ ደግሞ የጆሮውን ጫፍ ይዞ ነው፣ እኔማ ጆሮውን ያመመው መስሎኝ ነበር። በየአመቱ ክረምት ሲገባም የጉሩ ቀን ነው ብሎ ፈቃድ ይወስዳል። ያመልካቸዋል ማለት ነው? ወይስ እንደ ንስሐ አባት ነው? ይቅርታ መጠየቅ ፈልጌ ምን ብዬ እንደምጠይቅ ጠፋኝ።

የአራዳው፦
እኔ የማውቀው ጉራ ነው ጉሩ አላውቅም 😂 ግን እህቴ ወለል ላይ?? ያንቺን ስዕለ አድኅኖ አንድ ሰው አንስቶ እግሩ ስር ቢያኖርብሽስ

ቆሎ_ተማሪ_ነበርኩ፦
የንስሐ አባት የሚለውን እርሺው፣ የሚቀርበው የኔታ ነው። በነሱ መቅደስ ውስጥ ስርአቱን የሚፈጽመው ካህን ሌላ ሰው ነው፣ ፑጃሪ ይሉታል፣ ጉሩ ግን አስተማሪ ነው። ቃሉ በሳንስክሪት "ከባድ" ማለት ነው፣ እኛም ከባድ ሰው እንል የለ እንደዛ በይው። ጨለማን የሚያስወግድ ማለት ነው ብለው የሚፈቱትም አሉ፣ እሱ ግን እንደ አንድምታ ነው እንጂ የቃሉ ስር አይደለም።

በድሮው ስርአታቸው ልጁ ከቤቱ ወጥቶ ጉሩው ቤት ነው የሚኖረው፣ ጉሩኩላ ይባላል፣ እንጨት ይለቅማል፣ እሳት ይጠብቃል፣ ከብት ያግዳል፣ ምግቡንም ለምኖ ነው የሚበላው፣ ትምህርቱ በቃል ነው። ይሄን ሳነብ በሳቅ ሞትኩ፣ ደበሎ ለብሼ አኩፋዳ አንግቤ "በእንተ ስማ ለማርያም" ስል የመንደሩ ውሻ ሁላ ያባረረኝ ትዝ ብሎኝ። ኡፓኒሻድ የሚባሉት መጻሕፍቶቻቸው ስም ራሱ አጠገብ መቀመጥ ከሚል ነው የመጣው፣ እኛም እኮ ቅኔውን ያገኘነው የኔታ እግር ስር ተቀምጠን ነው።

አንዱ ኡፓኒሻድ ላይ (ቻንዶግያ) ሳትያካማ የሚባል ልጅ አለ። መማር ፈልጎ እናቱን ዘሬ ከየት ነው ቢላት፣ በልጅነቴ እሰው ቤት እየዞርኩ ሳገለግል ነው የወለድኩህ ዘርህን አላውቅም፣ የኔ የጃባላ ልጅ ነኝ በል አለችው። ሄዶ ለመምህሩ ቃል በቃል ያንኑ ተናገረ፣ እሳቸውም እውነቱን ስላልደበቀ ተቀበሉት። ግን ቁጭ በል ልንገርህ የለም፣ 400 ከሲታ ላሞች ሰጥተው አሰማሩት፣ እሱም 1000 ሳይሆኑ አልመለስም ብሎ ሄደ። ጫካ ውስጥ በሬው አስተማረው፣ እሳቱ አስተማረው፣ ሁለት ወፎች አስተማሩት፣ ሲመለስ ፊቱ በርቶ መምህሩ ማን አስተማረህ ሲሉት ሰው አይደለም፣ ግን ከመምህር የተገኘ እውቀት ነው የሚበልጠው ሲባል ሰምቻለሁና እርስዎ ያስተምሩኝ አለ። እኔን የገረመኝ እቺ ናት፣ ሁሉን አውቆ መጥቶ አሁንም የኔታን ይፈልጋል።

ሚዛን፦
ታሪኩ ደስ ይላል ግን አታለሳልሱት እንጂ፣ ጉሩ አምላክ ነው ብለው እግሩ ላይ የሚወድቁ አሉ እኮ፣ የኔታ እግር ላይ አምላኬ ብለህ ወድቀህ ታውቃለህ? ዜና ላይ ደግሞ ስንት ሚሊዮን ተከታይ አለኝ የሚለው ጉሩ በአስገድዶ መድፈር ሲፈረድበት አይተናል፣ በፈረንጅ 2017 አንዱ በ2018 ሌላው።

መርካቶ_ሰባተኛ፦
@ሚዛን ሌባ መምህር የሌለበት ሃይማኖት ካለ ንገረን እንግባ። እኛም ሙስሊሞቹ ጋ ሸህ እና ደረሳ (ተማሪው) አለ፣ ሱፊዎቹ ጋ ሙሪድ (የሸሁ ተከታይ) አለ፣ አያቴ ወሎ ሲቀሩ፣ ማለቴ ቁርአን ሲማሩ፣ የሸሃቸውን ማሳ እያረሱ ነው የቀሩት። የሸሃቸውን እጅ ይስማሉ፣ አላህ ነው ግን አይሉም። እንደሰማሁት ሂንዱ ጋ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ፑኔ_ተምሬ_የመጣሁ፦
ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ማለቴ ሚዛን ያለው እውነት ነው፣ አንዳንዱ ወገን ጉሩን ከአምላክ አይለይም፣ ሌላው ደግሞ መንገድ አሳዪ ነው ብሎ ያበቃል፣ ሂንዱ አንድ ሲኖዶስ የለውም አንድ መልስ አትጠብቁ። ግን ማስጠንቀቂያውም ከራሳቸው ነው የመጣው፣ ኩላርናቫ ታንትራ የሚባለው መጽሐፍ የተማሪውን ገንዘብ የሚወስድ ጉሩ ብዙ ነው፣ ጭንቀቱን የሚወስድለት ግን ብርቅ ነው ይላል። ጊታ የሚባለው መጽሐፋቸው ላይም ለመምህርህ ስገድ፣ ጠይቅ፣ አገልግል ነው የሚለው፣ ጠይቅ የምትለዋን ልብ በሉ።

በፈረንጅ 1893 ቺካጎ ሄዶ ንግግር ያደረገው የሂንዱ መነኩሴ ቪቬካናንዳ ልጅ እያለ የካልካታ ተማሪ ነበር፣ የሚያገኘውን ሁሉ እግዜርን አይተኸዋል ወይ እያለ ያፋጥጥ ነበር፣ አዎ ያለው በኋላ ጉሩው የሆነው ራማክሪሽና ብቻ ነው። እሱንም ዝም ብሎ አላመነውም፣ ገንዘብ መንካት አልችልም ሲል ሰምቶ ፍራሹ ስር ሳንቲም ደበቀበት ይባላል፣ ሽማግሌው ሲቀመጥ እንደተቃጠለ ሰው ተነሳ፣ ነገሩ ሲገባው ግን ደስ ነው ያለው፣ ለዋጭ ሳንቲሙን እንደሚፈትን ፈትኑኝ ይል ነበር አሉ።

የጉሩ ቀን ያልሽው ጉሩ ፑርኒማ ነው፣ አሻዳ በሚባለው ወራቸው ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ይውላል፣ ቬዳ የሚባሉትን ጥንታዊ መጻሕፍቶቻቸውን ለከፈለው ለቪያሳ መታሰቢያም ነው፣ ፎቶው ላይ አበባ ያንጠለጥላሉ። ወለሉን በተመለከተ እነሱ ጋ እግር የሚረግጠው ቦታ ላይ መጽሐፍ እንኳን አይቀመጥም፣ ህንድ ስማር ደብተሬን እግሬ ሲነካው የክፍል ጓደኛዬ ደንግጦ እሱ አንስቶ ግንባሩን አስነክቶታል። አላወቅኩም ነበር በይው ይበቃል።

ግን አንድ ነገር፣ ስሙን ሲጠራ ጆሮውን ይይዛል አልሽ አይደል? እሱ የሙዚቀኞች ልማድ ነው፣ የመምህራቸውን ስም ዝም ብለው አይጠሩም፣ በአፌ ስለጠራሁት ይቅርታ እንደማለት ነው። አለቃሽ መሳሪያ ይጫወታል እንዴ?

ማኪያቶ_ብቻ፦
ኧረ ጉድ!! ዛሬ ምሳ ሰአት ጠየቅኩት። ሽማግሌው የታብላ አስተማሪው ናቸው፣ እቺ በሁለት እጅ የሚመቷት ጥንድ ከበሮ፣ ዘጠኝ አመት እቤታቸው እየተመላለሰ ነው የተማረው፣ የመጀመሪያው አመት አብዛኛው ሻይ ማፍላትና ገበያ መላላክ ነበር አለ። "ታዲያ የሃይማኖት ጉሩ አይደሉማ" ስለው ግራ ገብቶት አየኝ፣ ጥያቄው ራሱ አልገባውም፣ ሁለት ሶስቴ ቀያይሬ ጠየቅኩት አሁንም አልገባውም፣ ቆይቶ "ከበሮ ካልሆነ በምን ልጸልይ?" አለኝ። ይቅርታዬን "እሺ እሺ" ብሎ ተቀብሏል። ብቻ ከምሳ ስመለስ ፎቶው ከጠረጴዛው ተነስቶ ፋይል መደርደሪያው አናት ላይ ወጥቷል፣ ማኪያቶ የማይደርስበት ቦታ 🙈