ማታ ኮምፒውተር ይጥፋ ወይስ ይደር? የአዳማ ልጆች ክርክር

ሒሳብ ክፍል፦
አካም ናችሁ ጎረቤቶች። አንድ ነገር ፍረዱኝ። መሥሪያ ቤታችን ሰኞ ማስታወቂያ ለጠፈ (ስሙን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው)። ከ11:30 በኋላ ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ የወጣ ሠራተኛ መጀመሪያ በቃል፣ ቀጥሎ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፣ ሦስተኛው ላይ ከደመወዙ ይቆረጣል። ምክንያቱ «ኃይል ቁጠባና አካባቢ ጥበቃ» ይላል። ማጥፋቱን አልጠላሁትም። ግን ወረቀቱን የፈረሙት ሰውዬ ቢሮ ኤሲ አለ፣ እሳቸው ሳምንት ሙሉ መስክ ቢወጡ እንኳ ኤሲው ይሠራል፣ በሩ ጋ ስትቆሙ ብርዱ እግራችሁን ይነካችኋል። ታዲያ ይሄ አካባቢ ጥበቃ ነው ወይስ ጉልበት የታች ሠራተኛ ላይ ብቻ?

የቦኩ ነፋስ፦
እኔ ከነጭራሹ አልገባኝም። ደጃፌ ላይ ቆሜ የነፋስ ማመንጫዎቹን እቆጥራለሁ። አዳማ 1 ብቻውን 51 ሜጋ ዋት ነው፣ አዳማ 2 ደግሞ 153። ቆቃ ከ1952 ጀምሮ መብራት ይሰጣል። ሕዳሴውም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። የእኛ መብራት ጭስ የለውም ጓዶች። የድንጋይ ከሰል የሚያነዱት ኮምፒውተራቸውን ያጥፉ፣ እኛ ምን አጠፋን?

ሰርቨር ጠባቂ፦
የአይቲ ሰው ነኝ፣ ሌላ መሥሪያ ቤት። ቁጥሩን ላስቀምጥላችሁና ከዚያ ተጣሉ። ተራ ዴስክቶፕ ምንም ሳይሠራ ተከፍቶ ሲቀመጥ ከነስክሪኑ 60 ዋት አካባቢ ይበላል። አሮጌው ይብሳል። 60 ኮምፒውተር ያለው ቢሮ ሳያጠፋ ካደረ 3.6 ኪሎ ዋት ማለት ነው። ይሄ ስንት ነው? አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ማንም ሳይጋግርበት ከ11:30 እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተጥዶ የሚያድር ምጣድ። ቤታችሁ እንዲህ ብታደርጉ እናታችሁ ምን ትላችሁ ነበር? በአንድ ሌሊት ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይሄዳል። ስሊፕ ላይ ቢገባ፣ ማለትም ሳይጠፋ ቢተኛ ግን እያንዳንዱ ሁለት ሦስት ዋት ነው። ለዚህ ደግሞ ደመወዝ መቁረጥ አያስፈልግም። ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ልጅ አንድ ቦታ ቁጭ ብሎ «15 ደቂቃ ያልተነካ ሁሉ ይተኛ» ብሎ ማዘዝ ይችላል። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ይህን ትቶ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ቢሮ ወይ አይቲ የለውም ወይ አይቲውን አይጠይቅም።

ሒሳብ ክፍል፦
አለን። አልጠየቁትም። ልጁ ቀኑን ሙሉ ፕሪንተር ውስጥ የተቀረቀረ ወረቀት ሲያወጣ ነው የሚውለው።

የቦኩ ነፋስ፦
ምጣዷን ወድጃታለሁ። ግን ነፋስ ሌሊትም ይነፍሳል፣ ሌሊት ደግሞ ሰው ተኝቷል። የማይጠራቀም ነገር ነው። ባንጠቀምበት የት ይሄዳል?

ሰርቨር ጠባቂ፦
ነፋሱ አይጠራቀምም፣ ውሃው ግን ይጠራቀማል። ነፋሱ ሲያመነጭ ግድቡ ረገብ ይላል፣ ውሃው ለበጋ ይቆያል። ደግሞ ማታ ሁሉ እኩለ ሌሊት አይደለም። ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት አገር በሙሉ እራት የሚያበስልበት፣ መስመሩ የሚጨናነቅበት ሰዓት ነው። ያንተ ሰፈር መብራት የሚሄደው ስንት ሰዓት ነው?

የቦኩ ነፋስ፦
እሱማ ሁለት ሰዓት ላይ። ልክ ዜና ሲጀምር።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጆች፣ ሳነባችሁ ቆየሁ። እኔ ሳስተምር ኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ እነዚያ ወፍራም ስክሪኖች ነበሩ። ተማሪዎቹ ዓሣ የሚዋኝበትን ስክሪን ሴቨር ከፍተው ይወጣሉ። ለምን አላጠፋችሁም ስላቸው «ቲቸር፣ ሴቭ እያደረገ ነው» ይሉኛል። እኔም አምናቸው ነበር። ለካ ሴቭ የሚያደርገው መስተዋቱን ነው፣ ሥዕሉ አንድ ቦታ ቆሞ ስክሪኑ ላይ እንዳይታተም የተሠራ ነገር ነው እንጂ ከመብራቱ ጋር ምንም አያገናኘው። ዓሣው ይዋኛል፣ ቆጣሪው ይቆጥራል። ዛሬም አንዳንድ ቢሮ ስገባ ዓሣዋን አገኛታለሁ።

የቦኩ ልጅ፣ መብራታችን ጭስ የለውም ያልከው ልክ ነው። ግን ከዚህ ትንሽ ወጣ ስትል ከፍተኛው መስመር በራሱ ላይ የሚያልፍ፣ ቤቱ ግን ኩራዝ የሚያበራ ገበሬ አለ። ጭስ ባይኖረውም የተረፈ መብራት የለንም።

ጠጋኙ፦
ጋሼ እውነትዎን ነው። እኔ ፖስታ ቤት አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሰው ሁሉ የሚለኝ «ማጥፋት ማብራቱ ያበላሸዋል» ነው። በቀን አንዴ ማጥፋት ምንም አያደርገውም። እኔ ጋ በብዛት የሚመጣው ፓወር ሰፕላዩ፣ መብራቱን ተቀብሎ ለውስጥ ዕቃው የሚያድለው፣ የተቃጠለ ነው። ሌሊት መብራት ይሄዳል፣ ሲመለስ ገፍቶ ይመጣል፣ ሶኬት ላይ ያደረው ኮምፒውተር ያን ሁሉ ይቀበላል፣ ጠዋት ባለቤቱ ሲነካው ሞቷል። ተነቅሎ ቢያድር አይነካውም ነበር። አቧራውስ? የአዳማን አቧራ ታውቁታላችሁ። ፋኑ ሌት ተቀን ሲዞር ሌት ተቀን አቧራ ይስባል፣ አቧራው ሲሞላ ዕቃው ይሞቃል፣ ሲሞቅ ፋኑ ይበልጥ ይዞራል። ከፍቼ ሳየው ብርድ ልብስ ለብሶ አገኘዋለሁ። ለገበያዬ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር።

ሰርቨር ጠባቂ፦
አሁን የራሳችንን ጉድ ላውጣ። ዴስክቶፑ ትንሹ ነው። ዋናው ያለው ሰርቨር ክፍል ውስጥ ነው፣ የቢሮው ሁሉ ፋይልና ሲስተም የሚቀመጥባቸው ማሽኖች ያሉበት። የእኛ ኤሲ 16 ላይ ነው። ጥበቃው ስልክ ሊያናግር ወደ ውስጥ ሲገባ ጃኬት ይለብሳል፣ አዳማ ላይ፣ በመጋቢት። ለሰርቨር የሚመከረው የአየር ሙቀት ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ነው። 27! እኛ ግን ማሽን ሲበርደው የሚደሰት ይመስለናል። ከ4ቱ ሰርቨሮች ደግሞ አንዱ ማንም የማይገባበት የድሮ ሲስተም ይዞ ይሞቃል፣ ለማጥፋት የሚደፍር ግን የለም፣ «ምናልባት የሆነ ሰው ይፈልገዋል» እየተባለ ዓመት አለፈው። አራቱን አንድ ማሽን ላይ ማጠቃለል ይቻላል። አቅሙ አለው።

ለቦኩ ነፋስ ደግሞ ይሄን ልጨምር። መብራት ሲሄድ ያ 16 ዲግሪ በምን ይቀጥላል? በጄኔሬተር። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ጭስ የለንም ያልከው ጓሯችን እስኪደርስ ነው።

የቦኩ ነፋስ፦
የጄኔሬተሩን ተቀብያለሁ። እሱ ጭስ ብቻ ሳይሆን ድምፅም ነው፣ ሰፈራችን ያለው ቢሮ ሲያስነሳው ልጄ ትነቃለች።

ንብረት ክፍል፦
እኔም የምለው አለኝ። እናንተ ስለ 60 ዋት ትከራከራላችሁ፣ እኛ መጋዘን ውስጥ ኮምፒውተር እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። ዊንዶውስ 10 ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አበቃ። አዲሱ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የድሮውን ፕሮሰሰር አይቀበልም፣ ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያለው አለቀለት። አለቆቹ ሁሉም በአዲስ ይተካ አሉ። የሚሠራ ዕቃ ነው፣ ጠዋት እየተሠራበት ከሰዓት መጋዘን ገባ። ለመሸጥ ኮሚቴ ያስፈልጋል፣ ኮሚቴው ደግሞ አይሰበሰብም። መጨረሻው ቆራሌው ነው። ቆራሌው መዳቡን ለማውጣት ሽቦውን ያቃጥላል፣ የተረፈውን ይጥላል። ያኛው ጭስ የት ይመዝገብ?

ጠጋኙ፦
አሁን ወደ ነገሩ መጣችሁ። የቦኩ ነፋስ፣ በራስህ ነገር ልያዝህ። የእኛ መብራት ንጹሕ ነው አልክ። እሺ፣ ንጹሕ ይሁን። ታዲያ አንድ ላፕቶፕ በዕድሜው ሁሉ አካባቢ ላይ ከሚያደርሰው ጉዳት ብዙው ገና ሳይበራ፣ ሲመረት የሚደርስ ነው። ቺፑ፣ ስክሪኑ፣ ማዕድኑ፣ ፋብሪካው፣ ጉዞው። በከሰል መብራት ለሚኖር ሰው አጠቃቀሙም ይከብዳል። እዚህ ግን ውሃና ነፋስ ስለሆነ ጉዳቱ ከሞላ ጎደል መመረቱ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ መብራታችን ንጹሕ በሆነ ቁጥር፣ አዲስ ዕቃ መግዛት ነው የእኛ ጥፋት። ኤስኤስዲ (ፈጣኑን ፋይል ማስቀመጫ) አስገባበት፣ 8 ጂቢ ራም (የሥራ ማስታወሻ) ጨምርበት፣ አቧራውን አራግፍለት፣ 5 ዓመት ተጨማሪ ይሮጣል። ይሄ ንግግር ለእኔም ገበያ እንደሆነ አልደብቅም።

የቦኩ ነፋስ፦
ይሄን አላሰብኩትም። ግን ድጋፉ ያለቀ ዊንዶውስ ይዞ መቀመጥስ? አንድ ቫይረስ ቢሮውን በሙሉ ከሚበላው አዲሱ አይሻልም?

ሰርቨር ጠባቂ፦
ይሄ ጥያቄ ትክክል ነው፣ ጠጋኙ ቶሎ አለፈው። እንደዛው መተው አይቻልም። ወይ ለድርጅት የተፈቀደውን ማራዘሚያ በክፍያ መውሰድ ነው፣ ያውም እስከ 3 ዓመት ብቻ። ወይ በዊንዶውስ ቦታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም መጫን። ነጻ ነው፣ አሮጌው ላይም ይሮጣል።

ሒሳብ ክፍል፦
ሊኑክስ ላይ የሒሳብ ፕሮግራማችን ፒችትሪ አይሠራም። አትድከሙ። የጸሐፊዋን አማርኛ መጻፊያ፣ ፓወር ግዕዝን ነክታችሁ ደግሞ እኔ የለሁበትም፣ ያን ቀን ደብዳቤ አይወጣም።

ጠጋኙ፦
አማርኛ መጻፊያ ሊኑክስም አለው እኮ እህቴ።

ሒሳብ ክፍል፦
አለው ማለትና 15 ዓመት የለመደ ጣት መቀየር አንድ አይደለም። እዚህ ቢሮ ስትመጣ ራስህ አስረዳት፣ እኔ ከበር ላይ ሆኜ አያለሁ።

ንብረት ክፍል፦
ከሁሉም ማሽን የሒሳብ ክፍል ስንት ነው? አስር። ለአስሩ አዲስ ይገዛ። መዝገብ ቤት፣ እንግዳ መቀበያ፣ ሥልጠና ክፍል ብራውዘርና ጽሑፍ ብቻ ነው የሚሠሩት። እነሱ በአሮጌው ይቀጥሉ። እኛ ግን ሁሉንም ባንድ ጨረታ ካልገዛን እንቅልፍ አይወስደንም።

ጡረተኛው መምህር፦
የሥልጠናውን ክፍል ተዉት፣ ለትምህርት ቤት ስጡት። መጋዘን ውስጥ አቧራ ከሚበላው ልጅ ይንካው። ደብዳቤ ብጽፍ ትፈርሙልኛላችሁ?

ንብረት ክፍል፦
ጋሼ፣ ፊርማው አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ፊርማዎቹ ናቸው። ይጻፉ ግን፣ እኔ ይዤው እዞራለሁ።

ሒሳብ ክፍል፦
እኔ ማስታወቂያውን በተመለከተ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ማጥፋቱ ልክ ነው፣ ቅጣቱ ግን ጠማማ ነው። ኮምፒውተሩን ማሽኑ ራሱ ሊያስተኛው ሲችል የእኔን ደመወዝ ማስፈራሪያ ማድረግ ምን ይባላል? ነገ ስብሰባ አለ። የምጣዱን ሒሳብ ወረቀት ላይ አድርጌ ይዤ እገባለሁ፣ ከሥሩ ደግሞ የሰውዬውን ኤሲ በሌላ ቀለም። ያባርሩኝ።

የቦኩ ነፋስ፦
የመብራት ታሪፉንም ጨምሪበት። ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ነው ከፍ የሚለው። አካባቢ ጥበቃ ያልገባው አለቃ የመብራት ቢል ይገባዋል።

ሒሳብ ክፍል፦
አንተ ከማን ወገን ነህ ግን?

የቦኩ ነፋስ፦
ከምጣዷ።

ሰርቨር ጠባቂ፦
እኔ ዛሬ ከሰዓት ኤሲውን 24 ላይ አድርጌው ወጣሁ። እስካሁን ማንም አልደወለም። ሪሞቱን መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌበታለሁ።